ምላስ ያገኘው መስመር

ጥቅምት 12

ለጭምቱ፣ ለወንድሜ ልጅ፤

እንደምን ከርመሃል? በምትሄድበት ሁሉ እንቅፋት እግርህን አይንካው፤ የያዝከው ይጽናልህ፤ ያሰብከው ይሙላልህ። እኔ ከጉልበቴና ከአንድ መንጋጋዬ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴን ተወው፣ እሱ የዕድሜ ነው። የጻፍኩልህ ስለ መንጋጋው ነው።

አጎትህ የሠራልኝን የጥርስ ሽፋን ታስታውሰዋለህ። በቀኝ በኩል፣ ከታች፣ ከኋላ ሁለተኛው ጥርስ ላይ ያለውን ብረት። ከስድስት ዓመት በፊት የሠራው የመጨረሻ ሥራው ነው። ከዚያ ወዲያ ዓይኑ ደከመ፣ መሣሪያውን አስቀመጠ፤ ቆይቶም መበለት አድርጎኝ ጥሎኝ ሄደ። ይህን ሁሉ ዓመት ምላሴ እዚያ ላይ ሲመላለስ ብረቱ የት እንደሚያልቅና ጥርሱ የት እንደሚጀምር አያውቅም ነበር። ባለፈው ወር የአንድ ቀሚስ ጠርዝ እየዘመዘምኩ ሳለ በውስጥ በኩል አንድ መስመር አገኘ። ቀጭን ናት፣ የመርፌ ጭረት ታክላለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራ ፈትቶ እዚያው ነው የሚውለው።

ለሁለት ሐኪም አሳየሁ። ሽማግሌው ሐኪም ራጁን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ አየና «ምንም የለውም፣ ሂጂ ብዪበት» አለኝ። ወጣቷ ሐኪም ደግሞ ያንኑ ራጅ መብራት ላይ ሰክታ በእስክሪብቶ ጫፍ አንድ ጥቁር ነገር አሳየችኝ። «እዚህ ጋ ከሽፋኑ ሥር ተበልቷል፣ ሽፋኑ ይነሳ» አለች። «አንስተሽ ጥርሱን አጽድተሽ መልሰሽ አትከድኚውም?» ብላት፣ የተጣበቀ ሽፋን ካልተሰነጠቀ አይወጣም አለችኝ። አንድ ራጅ፣ ሁለት ሐኪም፣ ሁለት ፍርድ! ሁለት ልብስ ሰፊ አንድ ወገብ ቢለካ እንኳ ይህን ያህል አይለያይም።

አንተ ቀኑን ሙሉ ከጥርስ ጋር ነው የምትውለው። ራጁን እንዳይታጠፍ በሁለት ካርቶን መካከል አድርጌ ልኬልሃለሁ። አይተህ እውነቱን ንገረኝ። ያ ሽፋን ባይነካ ደስ ይለኛል፤ ይህን አልደብቅህም፤ ቢሆንም እውነቱን ንገረኝ። ገንዘብ ግን እንዳትልክ፣ እሱን አልጠየቅኩህም።

ቤቱ ያው ነው። የአጎትህ የሥራ ክፍል እንደተቆለፈ ነው። ምሳ ሲደርስ እጄ ዛሬም ሁለት ሳህን ያወጣል፣ አንዱን እመልሳለሁ። አንተስ ከማን ጋር ነው የምትበላው? ባሕር ማዶ ከሄድክ ጀምሮ ይህን ስጠይቅህ አንድ ቀን መልሰህልኝ አታውቅም።

አክስቴ ታማለች ብለህ ደግሞ እንዳትነሳ። አትምጣ፣ ሥራህን ያዝ።

መርፌ ከእጇ የማይጠፋው አክስትህ


ኅዳር 9

ለእታለም፣ ለአክስቴ፤

ሰላምታዬ ከፖስታው ቀድሞ ይድረስሽ። ጉልበትሽን ብርታት፣ ዓይንሽን ብርሃን አይንሳው። እኔ ደህና ነኝ። ራጁ ሳይታጠፍ ደርሶኛል።

በመጀመሪያ ለጎረቤቶችሽ አንድ ነገር ንገሪልኝ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። በየደብዳቤሽ ጥግ «ዶክተርን ሰላም በይልን» እያሉ ያሳፍሩኛል። የምሠራው የጥርስ ሐኪሞች በሚማሩበት ቤት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ነው። የተነቀሉ ጥርሶች ውሃ ባለበት ብልቃጥ ይመጡልኛል፤ የማን እንደሆኑ አይጻፍባቸውም። በጄሶ ላይ ልክ በአፍ ውስጥ እንደሚቆሙት አሰልፌ እተክላቸዋለሁ። ሽፋን ይደረግላቸዋል፣ ራጅ ይነሳሉ። ከዚያ ሐኪሞች እየመጡ ራጁን ያያሉ፣ በሹል ብረት ዙሪያውን ይዳስሳሉ፣ ይኸኛው ከሥር ተበልቷል፣ ያኛው ደህና ነው ብለው ይፈርዳሉ። ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆኑም ይጠየቃሉ። ሁሉም ፈርደው ሲሄዱ እኔ እያንዳንዱን ጥርስ በስስ መጋዝ ቆርጬ ውስጡን አያለሁ።

እዚህ ያየሁትን ልንገርሽ። ከተበሉት ውስጥ ብዙዎቹ ያመልጧቸዋል። ምንም ሳይኖራቸው የሚኮነኑም አሉ። ድምፁን ከፍ አድርጎ «እርግጠኛ ነኝ» ያለው ሲሳሳት አይቻለሁ፤ እያመነታ የተናገረው ልክ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ሁለቱ ሐኪሞችሽ ስለተለያዩ አትፍረጂባቸው። ራጅ በብረት አያልፍም። አንዱ ጥርስ ከጎረቤቱ የሚነካካበትን ጎን ያሳይ ይሆናል፤ በጉንጭና በምላስ በኩል ያለውን ግን ብረቱ ይጋርደዋል። ጥቁሩን ነገር እኔም አይቼዋለሁ። መበስበስ ሊሆን ይችላል። ማጣበቂያም ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱ ማጣበቂያ በራጅ ላይ ጠቁሮ ነው የሚወጣው። ከዚህ ሆኜ ይህ ነው ብልሽ ውሸታም እሆናለሁ።

ግን ቤትሽ ሆነሽ የምታደርጊው ነገር አለ። ክር ውሰጂና በሽፋኑ ዙሪያ፣ ድዱ ሥር፣ ወዲያና ወዲህ ሳቢው፤ በምላስ በኩልም አትርሺ። ክሩ ከያዘውና ተንጨፍርሮ ከወጣ፣ ወይም ከሸተተ፣ ወጣቷ ሐኪም ጋ ሳትውዪ ሳታድሪ ሂጂ። ንጹህ ሆኖ ከወጣ ጥቂት መጠበቅ ይቻላል። የክሩን ዓይነት አልነግርሽም፤ ለልብስ ሰፊ ስለ ክር ማስተማር ድፍረት ነው።

የሚያስቅሽን ልጨምር። የጥርስ ትምህርት ቤታችን ዘበኛ አንድም ጥርስ የለውም። ጠዋት ሾርባውን ቤቱ ጠጥቶ ይመጣል፤ ቀኑን ሙሉ ሌላ ነገር ወደ አፉ አያስገባም። የሚገባውን ተማሪ ሁሉ በድዱ ፈገግ ብሎ ነው የሚቀበለው። እሱና እኔ የምንግባባው በራስ መነቅነቅ ነው፤ ቋንቋው አልገባኝም፣ የኔም አልገባውም።

ስለ ምግብ ጠይቀሻል። በደንብ እበላለሁ፣ አታስቢ።

አክባሪሽ፣ ጭምቱ


ኅዳር 30

ለጭምቱ፤

እንኳን ፈጣሪ በደህና አገናኘን፣ በወረቀትም ቢሆን። እጅህን መጋዝ አይንካው። ጎረቤቶቹን ሐኪም አይደለም ብላቸው «ትሑት ነው» ብለው ይብስ አከበሩህ። እኔ ምን ላድርግ?

ያዘዝከውን አደረግሁ። መስታወት ፊት ቆሜ፣ አፌን እንደ ጆንያ ከፍቼ፣ በዙሪያው ሳብኩት። በምላስ በኩልም ሳብኩት። አንዲት ጭራ እንኳ አልወጣችም! ቃሌን ካላመንክ ክሩን ራሱን ጠቅልዬ ልኬልሃለሁ፤ አጥቤዋለሁ፣ አትጸየፍ። እንግዲህ የሽማግሌው ሐኪም ዓይን አልደከመም ማለት ነው። ለወጣቷም ደስ አይላትም እንጂ እነግራታለሁ።

አንተ ክር እንዳዘዝክብኝ እኔም ላዝህ። በዚህ ሳምንት ከማን ጋር፣ ምን እንደበላህ ጻፍልኝ። «በደንብ እበላለሁ» መልስ አይደለም። እኔ የጠየቅሁህ ስለ ሆድህ አይደለም።

እዚህ አዲስ ነገር የለም። ልብስ የሚያሰፋ ቀንሷል፤ ሁሉም የተሰፋ ነው የሚገዛው። የመጣውም ቁልፍ ላስተክል ብሎ ነው፤ ቁልፉ ተተክሎ ሲያልቅ ጨዋታውም ያልቃል። አንዳንዴ ቁልፉን ሆን ብዬ ቀስ ብዬ እተክለዋለሁ።

እዚያ ብርዱ ሳይበረታ አይቀርም፣ ካፖርትህን ደርብ። አትምጣ፣ ሥራህ ይበልጣል።

አክስትህ


ታኅሣሥ 20

ለእታለም፤

ደስታሽ አይጉደል፤ ያስደሰትሽኝን ያህል ፈጣሪ ያስደስትሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ ትከሻዬ ላይ የነበረ ነገር ወረደልኝ። ክሩ ንጹህ ከሆነ ጥሩ ነው። ክሩን ሥራ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከመጋዙ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። ከቤት የመጣ ሌላ ነገር እዚህ የለኝም።

ያዘዝሽኝን ልፈጽም። ባለፈው እሁድ ከዘበኛው ጋር በላሁ። የተጠበሰ ሥጋ ገዛን፣ በሩ አጠገብ ተቀምጠን ተጨዋወትን። ሰውዬው አጥንቱን ሳይቀር ነው የጋጠው። ስለዚህ ሐሳብ አይግባሽ፣ ብቻዬን አይደለሁም።

ሥራው በዝቷል። ከአዲሱ ብልቃጥ አንድ ጥርስ አወጣሁ፤ የሚያኝክበት ጎኑ በጣም አልቋል፣ ባለቤቱ በአንድ በኩል ብቻ ሲበላ የኖረ ሰው ነው። አንቺ ግን በሁለቱም በኩል ብዪ።

አክባሪሽ፣ ጭምቱ


ጥር 17

ለእታለም፤

መልስሽን ሳልጠብቅ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ይህ ደብዳቤ በጤና ያግኝሽ።

ትናንት የካፖርቴ ቁልፍ ተበጠሰ። የሚተክልልኝ ሰው ስለሌለ መርፌ ገዛሁና ያንቺን ክር አነሳሁ፤ እንኳን ከእጇ የመጣ ነገር አለኝ ብዬ ደስ ብሎኝ። ተክዬ ስጨርስ እንደምታደርጊው በጥርሴ ልበጥሰው ብል እምቢ አለ። ደግሜ ነከስኩት፣ ጥርሴን አመመኝ እንጂ ክሩ አልተበጠሰም። በጣቴ ሳሸው ሰም አለው።

ወደ ሥራ ክፍሌ ወሰድኩት። ከሥሩ መበላቱን አስቀድሜ የማውቀው፣ ጫፉ እጅ የሚቧጥጥ አንድ ሽፋን አለ። የጥጥ ክር ሳብኩበት፣ ሦስት ጊዜም ሳይመላለስ ተንጨፍርሮ ወጣ። ያንቺን ሳብኩበት። እስኪደክመኝ ሳብኩት። እንደገባ ወጣ።

እታለም፣ ይህ ክር ስለ ጥርስሽ የነገረኝ ነገር የለም። ድንጋይ ላይ ቢሳብም ንጹህ ነኝ ነው የሚለው። የክሩን ዓይነት ባለመጻፌ ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ላልፈው ፈልጌ ነበር። ግን አንቺ በዓይንሽ ሳይሆን በጣትሽ ክር የምትለዪ ሴት ነሽ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይህ ነው።

እባክሽ በጥጥ ክር ሞክሪውና ጻፊልኝ። ወይም ሳትሞክሪው ወደ ሐኪሟ ሂጂ። አሞሻል ወይ? ይህን አንድ ቃል እንኳ ጻፊልኝ።

ጭምቱ


የካቲት 25

ለጭምቱ፤

ፈጣሪ ይጠብቅህ። ከዚህ የረዘመ ምርቃት ዛሬ ከአፌ አይወጣም፤ ተናድጄብሃለሁና። ዝም ያልኩህም ታምሜ አይደለም።

አርባ ዓመት ሰፍቼ የጥጥና የሰም ክር ተምታቶብኝ መሰለህ? መጀመሪያ በጥጡ ነው የሞከርኩት። በምላስ በኩል ሲደርስ ያዘው። ስጎትተው ተንጨፍርሮ ወጣ፤ ሽታም ነበረው። ምድጃ ውስጥ ጣልኩት። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቼ ፍራሽ የምሰፋበትን ክር አወጣሁ። ለአንተ የላክሁት እሱን ነው። እንዲህ ነው፣ ሌላ ምን ልጨምርልህ?

አዎ፣ ያመኛል። ሙቅ ነገር ሲነካው ያመኛል። በግራ በኩል ነው የምበላው። ደንበኛ ሲመጣ እስቃለሁ፤ ጥርስ ባዳ ነው፣ የቤቱን አይናገርም።

አሁን ደግሞ ለማንም ያልነገርኩትን ስማ። አጎትህ ሽፋኑን የሰጠኝ ቀን «ምላስሽ መጋጠሚያውን ያገኘው ዕለት ተመልሰሽ ነይ፣ እንደ አዲስ እሠራልሻለሁ» አለኝ። ሊኮራብኝ ነበር። እኔም ላሸንፈው ብዬ በየቀኑ እፈልግ ነበር፤ ምሳ ላይ ተቀምጠን ምላሴ ሲዞር ያየኝና «አገኘሽው?» ይለኛል። አላገኘሁትም ስለው ይስቃል። እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ፣ ዓይኑ እኔን መለየት ካቃተው በኋላ እንኳ «አገኘሽው?» ይል ነበር። ይኸው አሁን አገኘሁት። ወደ ማን ልመለስ?

ልብሱን ለሰው ሰጠሁ። ጫማውን ሰጠሁ። ይሄን ግን ማንም አይጠይቀኝም ብዬ ነበር፤ አፌ ውስጥ ነውና። አሁን አንተና ያቺ ልጅ በመሰርሰሪያ ሰንጥቃችሁ ልትጥሉት ነው። አልሰጥም።

ደግሞስ አንተ ማን ሆነህ ነው የእኔን ክር የምትመረምረው? ዘበኛህ ጥርስ የለውም፤ በራስህ እጅ ጽፈህልኛል። ጥርስ የሌለው ሰው የተጠበሰ ሥጋ በላ፣ አጥንትም ጋጠ! ቋንቋውን የማታውቀውስ ሰው ምን ብለህ አጫወትከው? ሳነበው መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ ደብዳቤውን አጥፌ የስፌት መኪናዬ ሥር ከተትኩት፤ ቀኑን ሙሉ አንድ ስፌት አልሰፋሁም። ካንተም ወገን ንጹህ ክር ተላከልኝ ማለት ነው።

አትምጣ። ምንም የምታደርገው የለም።

አክስትህ


መጋቢት 14

ለእታለም፤

ቁጣሽን በሁለት እጄ ተቀብያለሁ። ዕድሜሽ ከቁጣሽ ይርዘም።

በዘበኛው ወሬ ያዝሽኝ።

ስለ ጥርሱ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ልናገርና ዝም እላለሁ። ከሽፋን ሥር የሚበላ ጥርስ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ብረቱ ግን ያው እንዳማረ ይቀራል። እኔ ጋ የሚመጡት ብዙዎቹ ከላይ ሲያዩአቸው ሙሽራ ናቸው። በመጋዝ ስከፍታቸው ሽፋኑ ባዶ ነገር ላይ ቆሞ ነው የማገኘው። አንቺ አፍ ውስጥ ያ እንዲሆን አልፈልግም። ከዚያ ወደ አጥንቱ ይወርዳል፣ ከአጥንቱ ወደ ሌላው። እዚህ የተነቀለ ጥርስ እንጂ ሰውዬው አይመጣም፤ ምን እንደደረሰበት አላውቅም። ያንቺን ግን ማወቅ አለብኝ።

ጋሼ፣ አጎቴ፣ ሥራውን ሲያሳየኝ አንድ የሚላት ነገር ነበረችው፤ አንቺም ሰምተሻታል። «ሽፋን ለጥርሱ ጣሪያ ነው፤ ቤቱ ከፈረሰ ጣሪያውን ማን ይፈልገዋል?» ይል ነበር። ያን ብረት የሠራው ብረቱ እንዲኖር አይደለም። አንቺ እንድትበዪበት ነው። በግራ በኩል ብቻ ስትበዪ ቢያይሽ ራሱ ነበር መሰርሰሪያውን የሚያነሳው።

እሱ የለም። ይህን አውቃለሁ። ሐኪሟ ጋ ሂጂልኝ።

ጭምቱ


ሚያዝያ 20

ለጭምቱ፣ ለልጄ፤

ያሳደግሁህ ወልጄህ ባይሆንም ዛሬ ልጄ ልልህ አማረኝ። የምትቀመጥበት ይሙቅህ፣ የምትቆምበት ይርጋልህ።

ሄድኩ። ብቻዬን ሄድኩ። በር ላይ ያለችው ልጅ «አብሮሽ የመጣ ሰው አለ?» ብትለኝ ዞሬ አየሁ፤ ለምን እንደዞርኩ አላውቅም። የለም አልኳት። ቦርሳዬን የምሰጠው ሰው ስላልነበረ ጭኔ ላይ አድርጌው አፌን ከፈትኩ።

ሐኪሟ በጉንጭ በኩል ጀምራ ሰነጠቀችው። ጭምቴ፣ ያ ድምፅ! መሰርሰሪያው ብረቱን ሲነካው የወጣው ድምፅ፣ የጋለው ብረት ሽታ፣ የአጎትህ ክፍል ነበር። ቁርሱን በልቶ በሩን ዘግቶ ሲገባ ከጓዳ የምሰማው፣ ስድስት ዓመት ያልሰማሁት። ዓይኔን ጨፈንኩ። እዚያ ያለ መሰለኝ፤ ምሳ ደርሷል ብዬ ልጠራው ትንሽ ነው የቀረኝ። ሐኪሟ እንባዬን አይታ «አሞሻል? ላቁም?» አለችኝ። በእጄ ቀጥዪ አልኳት። እንዳይቆም ፈልጌ ነበር። ቆመ።

አሁን የሥራህን ወሬ ስማ። ሐኪሟ ራጁ ላይ በእስክሪብቶ ያሳየችኝ ጥቁር ነገር መበስበስ አልነበረም፤ አንተ እንዳልከው ማጣበቂያ ነበር፣ ሥሩ ንጹህ ነው። ሽማግሌውም ምንም የለውም ማለቱ ስህተት ነበር። የተበላው በምላስ በኩል ነው፣ ራጁ ሊያየው በማይችልበት። ሁለቱም አላዩትም፤ ምላሴ ነው ያገኘው፣ እኔ ደግሞ ዝም አሰኘሁት። ሐኪሟ ጨዋ ናት፣ «ቦታውን ተሳስቻለሁ» አለችኝ። ቀጥላም፣ ሁለት ሦስት ወር ቀደም ብለሽ ብትመጪ ጥርሱን እናተርፈው ነበር አለች። አልተረፈም። ተነቀለ። ሽፋኑም ጥርሱም ሄደ፤ ሁለቱንም ልይዝ ብዬ ሁለቱንም አጣሁ። በክሬ የታለልኩት እኔው ነኝ፣ አንተን አይደለም ያታለልኩት።

ሐኪሟ በቦታው ሌላ እንሥራልሽ ብላኛለች። ቆይ አልኳት። ምላሴ ባዶውን ቦታ ይልመድ። አሁን የሚፈልገው መስመር የለም፤ ሄዶ ሄዶ ይመለሳል።

ሽፋኑ ለሁለት ተከፍሎ ወጣ። አንዱን እኔ ጋ አስቀርቻለሁ፤ አንዱን በዚህ ፖስታ ልኬልሃለሁ፣ በጥጥ ክር አስሬዋለሁ። በመጋዝህ እንዳትነካው። እሱ ምን እንደነበረ እኔ አውቃለሁ።

አትምጣ ልጄ። አሁን ደህና ነኝ፣ አያመኝም። ከጎረቤት ጋር እየበላሁ ነው።

አክስትህ


ግንቦት 6

ለእታለም፣ ለእናቴ፤

ቁስልሽ ቶሎ ይድረቅ፤ ቤትሽ ሰው አይጣ። ያልሽው ሁሉ ደርሶኛል፣ ሽፋኑም ደርሶኛል። ክሩን አልፈታሁትም።

ሥራ ክፍል ወሰድኩትና መብራቱ ሥር አየሁት። እጄ ላይ ስንት ሽፋን አልፏል፤ የባለቤቱን ሳቅ የማውቀው ግን ይህ አንዱ ብቻ ነው። የጋሼ ጠርዝ ዛሬም ጣት አያገኘውም። ዘበኛው መጣና በእጄ ያለውን አየ። ምን እንደሆነ እንዴት ብዬ ልንገረው? በጣቴ ወደ አፌ አሳየሁት፣ ወደ ሩቅ አሳየሁት። ራሱን ነቀነቀ፣ ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ ሄደ። እዚህ ከመጣሁ ሰው የነካኝ ያን ዕለት ነው።

አሁን የጠየቅሽኝን ልመልስ፣ በጥጥ ክር። ከማንም ጋር አልበላም። ከዘበኛውም፣ ከማንም። ክፍሌ ውስጥ አንድ ወንበር አለ፣ ልብስ ነው የሚቀመጥበት። ሳህኔን መስኮቱ ደፍ ላይ አድርጌ ቆሜ እበላለሁ። ከሄድኩ ጀምሮ እንዲህ ነው። ያልነገርኩሽ እንዳታዝኚ ብዬ ነው እያልኩ ራሴን እያታለልኩ ኖርኩ፤ እውነቱ ግን ብናገረው መቆየት የማልችል ስለመሰለኝ ነው።

አንቺም ከጎረቤት ጋር አትበዪም። ጥርስሽ ተነቅሎ ገና ቁስሉ ሳይደርቅ ሰው ፊት የምትበዪ ሴት እንዳልሆንሽ አውቃለሁ። ደብዳቤዎችሽን ሁሉ አውጥቼ ዛሬ አነበብኳቸው። በየአንዳንዱ መጨረሻ ላይ አትምጣ ይላሉ። እኔ ሞኙ ጽሕፈቱን አመንኩ። እሱም የፍራሹ ክር እንደነበር አሁን ገባኝ።

ከአለቃዬ ጋር ተነጋግሬያለሁ፣ በሰኔ ማብቂያ እመጣለሁ። ለጉብኝት ነው ወይስ ለመቅረት ነው ብለሽ አትጠይቂኝ፤ እርግጠኛ ነኝ የሚሉትን ሰዎች ብዙ አይቻለሁ። የጋሼን ክፍል ግን ክፈቺው፣ አየር ይግባበት።

ምሳ ደርሶ እጅሽ ሁለት ሳህን ሲያወጣ፣ አንዱን አትመልሺው።

ጭምቱ